አምስተኛው ድርሻ

«ቪለሚን ባትመጣ ኖሮ ሆቴል ነበር የምንገባው፤ ቁርስና እራት ያለበት። እስቲ አስቢው፤ በቀን ለአንድ ሰው አምሳ ስምንት ዩሮ ጭማሪ፣ ለአራት ሰው፣ ለሰባት ቀን። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ አራት! እሷ ደግሞ ድርሻዋን ከፍላ ነው የምትመጣው።»

ይህን ያለው ሩሎፍ ነው፤ የቪለሚን ታናሽ ወንድም። ያለውም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጥርሱን እየቦረሸ ለሚስቱ ለሳስኪያ ነው። በተከራዩት ቤት መታጠቢያ ቤቱንና ወጥ ቤቱን የሚለያቸው ስስ ጣውላ ነው፤ ከወዲያ ሲያስነጥሱ ከወዲህ ይማርህ ይባላል። ቪለሚን ከወዲህ ቆማ ዳቦ ትቀባ ነበር። ቢላዋዋ የለውዝ ቅቤው ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

«እኔማ እቅጩን ልንገርህ፣» አለች ሳስኪያ፣ «ድንች ልልጥ ብዬ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር አልነዳም። ለከርሞስ ትመጣለች?»

«ቪለሚን? ሌላ የት ትሄዳለች ብለሽ ነው!»

ተጉመጠመጠ፤ ተፋ፤ ቧንቧውን ዘጋ።

ሩሎፍ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እንደሱ ያለ ሰው በአገር ቤት፣ በዝቮለ ከተማ፣ በየደጁ ይገኛል፤ እኔም ሳልሆን አልቀርም። ሰው ላይ መኖር አንወድም፣ ሰውም እኛ ላይ እንዲኖር አንፈልግም። አብረን ስንወጣ እያንዳንዱ አዋቂ እኩል ያዋጣል፤ የበላም ያልበላም፣ የጠጣም ያልጠጣም። እኩል ካዋጣን ተፋቀርን ማለት ነው። የሩሎፍ ቤተሰብም በየካቲቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወደ ኦስትሪያ ተራሮች በበረዶ ላይ ስኪ ሊንሸራተት ሲወርድ፣ ቅዳሜ ማታ ገና ጫማው ሳይወልቅ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም መቶ መቶ ዩሮ ይጥልበታል። ስማቸው ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት በረድፍ ተጽፏል፤ ሩሎፍ፣ ሳስኪያ፣ ፌና፣ ዮሪት፣ ቪለሚን። ከስሞቹ በታች የሳምንቱ እራት ከነዋጋው ሰፍሯል። እሑድ የአተር ሾርባ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ከአርባ። ሰኞ መኮሮኒ፣ አንድ ከዘጠና። እንዲህ እያለ እስከ ዓርብ፤ ዓርብ የተረፈው ይበላል፤ ዋጋ የለውም። ድንቹ፣ ቺዙ፣ ቋሊማው፣ ቡናው፣ የመጸዳጃ ቤት ወረቀቱ ሳይቀር ከአገር ቤት በመኪናው ጣራ ላይ ተጭኖ የመጣ ነው። እዚህ ተራራ ላይ ሁሉም ነገር እጥፍ ነውና።

ቪለሚን ስኪ አትሄድም። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷም አይፈቅድላትም፤ በሕይወቷም እግሯ ላይ አስራው አታውቅም። ቢራም አትጠጣም። ግን መቶዋን ጥላለች፤ የቤት ኪራዩንም አምስተኛ ድርሻ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ዩሮ፣ ገና በታኅሣሥ ልካለች። ደስ ብሏት ነው የላከችው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ቪለሚን ከሰው ጋር ገበታ የምትቀርበው በዓመት ይቺን አንድ ሳምንት ነው፤ የቀረውን ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ግማሽ ቀን ትሠራና ቤቷ ገብታ ሬዲዮ እየሰማች ብቻዋን ትበላለች። ለዚች ሳምንት ከጥቅምት ጀምሮ ታስባለች። ዮሪት ቋሊማ እንደሚወድ፣ ፌና ሽንኩርት እንደማትነካ፣ ሁሉንም ጽፋ ይዛለች። አብስይ ያላት ሰው የለም። እሷም አበስላለሁ ብላ አልተናገረችም። ልክ እናታቸው ታደርግ እንደነበረው ምድጃው ፊት ሄዳ ቆመች፣ በቃ። ይህን ነው ሩሎፍ ደምሮ አባዝቶ ያገኘው።

ቢላዋውን ከቅቤው ነቀለችና መቀባቷን ቀጠለች። ምን ታደርግ? አስራ ስድስት ቁራጭ ዳቦ፣ ሁለት ሁለቱን አጣብቃ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ስም ጻፈችበት። ተራራው ላይ ያለው ምግብ ቤት የራስን ምግብ ማውጣት ክልክል ነው ብሎ በሦስት ቋንቋ ለጥፏል፤ ስለዚህ ዳቦው ጃኬት ኪስ ውስጥ ተሸሽጎ ይገባና አስተናጋጁ ዞር ሲል ከጠረጴዛ በታች ይገመጣል። ሾርባው እዚያ ዘጠኝ ዩሮ ነው። ሩሎፍ በከተማው ዋና ሐኪም ቤት ውስጥ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነው፤ ሾርባ መግዛት አቅቶት አይደለም። ለሾርባ ዘጠኝ ዩሮ ከከፈለ ግን ቀኑን ሙሉ ይከፋል።

ቁርስ ላይ ማንም ምንም ልዩ ነገር አላየባትም። ሳስኪያ ስለ በረዶው፣ ዮሪት ስለ ጫማው ጥበት፣ ፌና ስላልጠገበችው እንቅልፍ አወሩ። ሩሎፍ እንደ ወትሮው ሳህኑን ይዞ ተነስቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ «አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር!» አላት። ትናንትም ብሏት ነበር፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሞቅ ሲላት ነው የዋለው። ዛሬ እጁ ከትከሻዋ እስኪነሳ ድረስ ጠበቀች። ሁለት ሰዓት ላይ አራቱም በከባዱ የስኪ ጫማቸው ወለሉን እያንኳኩ እንደ ወታደር ወጡ፤ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ወለሉ ላይ የቀለጠ በረዶ ቀረ። እሱን እየወለወለች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የክፍያ ጥያቄ ነው፤ ከሩሎፍ። «የትናንት መኪና ማቆሚያ፣ 12 ዩሮ ለ5 ሰው፦ 2.40።» በኛ ዘንድ ይህ ነውር አይደለም። ለአንድ ሲኒ ቡናም ይላካል፤ የተላከለትም ሳያጉረመርም ይከፍላል፤ ሳይከፍል የሚያድር ነው ነውረኛው። ቪለሚን ግን ትናንት መኪናው ውስጥ አልነበረችም። ትናንት እዚሁ ወጥ ቤት የአሳማ ሥጋ ስታበስል ነው የዋለችው። ቢሆንም ከፈለች። ጣቷ በልማድ ከፈለ፤ ከዚያ በኋላ ነው አንጀቷ ያረረው።

አምስት ሰዓት ላይ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ኦበርሆፈር ንጹሕ ፎጣ ይዘው መጡ። ሰፊ ደረት ያላቸው፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። ምድጃው ላይ የተጣደውን፣ የታጠበውን ጎመን፣ የተደረደረውን ድንች አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዶቼ ሁሉ እንደርስዎ ያለ ሰው ይዘው ቢመጡ እዚህ ያለው ምግብ ቤት በሙሉ ይዘጋ ነበር፣» አሉ። «የባሌ እህት ሆቴል አላት፤ ለምግብ አብሳይዋ በቀን መቶ አስር ዩሮ ነው የምትከፍላት፤ ያውም ሰኞ ሰኞ ዕረፍት አላት። ለርስዎ የዕረፍት ቀን ሰጥተውዎታል?»

«እህቱ ነኝ እኮ፣» አለች ቪለሚን።

«እህቱ!» ወይዘሮዋ ፎጣ መቁጠር ጀመሩ፤ አምስት ትልልቅ፣ አምስት ትንንሽ። «ታዲያ አንድ ቀን እንኳን አብረዋቸው ሲወጡ አላየሁም። ስኪ ለማይሄድ ሰው በገመድ ሊፍቱ ተራራው ላይ መውጫው ሃያ ስምንት ዩሮ ነው፤ ከላይ ያለው ፀሐይ ደግሞ...» ንግግራቸውን ሳይጨርሱ የቆሸሹትን ፎጣዎች አንስተው ሄዱ። ቪለሚን በሩን ዘግታ እዚያው ቆመች። እውነት ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ተራራው ላይ ወጥተሽ ፀሐይ ሙቂ ያላት የለም። ሃያ ስምንት ዩሮው ከቆርቆሮው ይውጣ ያለም የለም። ከዚያው ቆርቆሮ ግን ቢራ ይወጣል፤ እሷ የማትጠጣው። ይህን ሁሉ ዓመት አልቆጠረችውም፤ ቤተሰብ አይቆጠርም ብላ። ወንድሟ ግን ሲቆጥር ኖሯል፤ ሲቆጥርም አንድም ጊዜ እህት ብሎ አልቆጠራትም።

ገበያ ወርዳ ለነገው ፓንኬክ እንቁላል ገዛች፤ አስሩ አራት ከስድሳ፤ አገሯ ቢሆን ሁለት ከዘጠና ነበር። ደረሰኙን እንደ ልማዷ አጥፋ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተች። ከዚያ ድንች ለመላጥ ተቀመጠች። ድንች ሲላጥ ሐሳብ ይመጣል። መጀመሪያ ልሂድ ብላ አሰበች፤ ባቡር አለ፣ ትኬቱ መቶ ስልሳ። ቢሆንም ብትሄድ ማን ይጎዳል? ሁለት ቀን ፒዛ ይበላሉ፤ ለከርሞ ሆቴል ይገባሉ፤ እሷ ሬዲዮዋ ጋ ትቀራለች። ልናገርም ብላ አሰበች፤ ሰማሁህ፣ እንዲህ ስትል ሰማሁህ። እሱ ደግሞ ያዳምጣታል፣ ይቅርታ ይጠይቃታል፣ በእናታችን ነፍስ ቀልድ ነው ይላታል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ይቅርታ አልፈለገችም። የፈለገችው ሩሎፍ ያን ሒሳብ በዓይኑ አይቶ እንዲያፍር ነው። ልጅ ሳለ ያፈረም የተቆጣም እንደሆነ ፊቱ እስከ ጆሮው ይቀላ ነበር፤ ያን መቅላት ፈለገችው። ጠረጴዛውን መትቶ «አብደሻል እንዴ? እህቴ አይደለሽም ወይ?» ብሎ ቢጮህባት፣ በልጆቹ ፊት ቢያዋርዳት እንኳን፣ እሷ ይበቃታል። ያን ቃል ከአፉ ከሰማች የማትተወው ነገር የለም።

እጇን ጠርጋ ስልኳን አነሳች። የክፍያ ጥያቄ ስትልክ በዕድሜዋ ሦስተኛዋ ነው፤ የቀደሙት ሁለቱ ለሱቅ ባልደረቦቿ የልደት አበባ ነበሩ። ለሩሎፍ፤ 1,624 ዩሮ። «ስለ ምን» የሚለው ላይ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ «ምግብ ማብሰል» ብላ ጻፈች። ሳትልከው አስቀመጠችው። እራት ላይ፣ ሁሉም ባለበት ልልከው ብላ ነው። ድንቹን ጣደች።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተሰበሰቡ። ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል፤ ርቧቸዋል፤ ካልሲያቸው ምድጃው ዙሪያ ተሰቅሎ ይሸታል። ከድንች ጋር የተፈጨውን ጎመን ከነቋሊማው ስታቀርብ ዮሪት፦ «አክስቴ፣ አንቺን ነው የማገባው!» አላት፤ እሱ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ እንዲያውም ለቅጽበት ልትተወው ነበር። ከዚያ ሳስኪያ ድስቱ ውስጥ አጮልቃ «ለነገ ምሳ የሚተርፍ አለ አይደል?» ስትል፣ ቪለሚን ከጠረጴዛው በታች ጣቷን ጫነች። የሩሎፍ ስልክ ቋሊማው አጠገብ ጮኸ።

ሩሎፍ እያኘከ አነበበው። ማኘኩን አቆመ። መነጽሩን አወጣ፣ እንደገና አነበበው፤ ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አያት። ፊቱ ቀላ። ቪለሚን አየችው፤ ጆሮውም ቀላ። መጣ፣ አለች በሆዷ፤ መጣልኝ።

«ምንድን ነው?» አለች ሳስኪያ፤ ስልኩን ወሰደችበትና አነበበች። ሳስኪያ ስልኩን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ከመታጠቢያ ቤቱ ወደ ጣውላው፣ ከጣውላው ወደ ቪለሚን አየች፤ ገባት።

«ሰምታሃለች፣» አለችው ባሏን። «እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ልክ ናት። እኔ ብሆን በነጻ አልሠራም። ቢሮ ውስጥ በየሳምንቱ የምለው ይህንኑ አይደል? የሴት ሥራ ሥራ ነው።»

«ልክ አይደለም፣» አለ ሩሎፍ።

ቀጥል፣ አለች ቪለሚን በልቧ። ቀጥል፣ ወንድሜ።

«ሰባት ቀን አይደለም እኮ። ቅዳሜ መንገድ ላይ ጥብስ ድንች ነው የበላነው፤ የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ በጠዋት እንወጣለን። ስድስት ነው። ሁለተኛ፣ አምሳ ስምንቱ የሆቴል ዋጋ ነው፤ አስተናጋጁም፣ ማሞቂያውም፣ ትርፉም ያለበት። ዕቃውም የኛ ነው።» ከደረት ኪሱ እርሳስ አወጣ። ፊቱ ላይ የነበረው ቅላት እየለቀቀ ሄደ፤ ሒሳብ ሲይዝ ሁልጊዜም ይረጋጋል። «ለጉልበት ብቻ ሃያ አምስት እንበል። ሃያ አምስት፣ ለአራት ሰው፣ ለስድስት ቀን፤ ስድስት መቶ። ይሄ ተገቢ ነው? እኔ እንድትበደዪ አልፈልግም፣ ቪለሚን። እውነቴን ነው። ቀደም ብለሽ ብትናገሪ ኖሮ መልካም ነበር።»

«አባዬ...» አለች ፌና፤ ሩሎፍ እርሳሱን አንስቶ አስቆማት።

«ቆይ፤ አልጨረስኩም፤ የሚገባትን አልከለክልም። ምግብ አብሳይ ለአልጋዋ አትከፍልም። የትም አገር አትከፍልም። ስለዚህ የኪራይ ድርሻዋ ሁለት መቶ ሰማንያው ይመለሳል። ከቆርቆሮውም መቶዋ ይመለሳል። ስንት ሆነ? ዘጠኝ መቶ ሰማንያ።» ተነስቶ ወደ ፍሪጁ ሄደ። ከሩሎፍ፣ ከሳስኪያ፣ ከፌናና ከዮሪት በታች በአምስተኛው ረድፍ የተጻፈውን ስም በእርሳሱ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረበት። አልደለዘውም፣ አልፋቀውም፤ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ የተሰረዘውም መነበብ አለበት። አጠገቡ «÷4» ብሎ ጻፈ።

ቪለሚን አፏን ከፈተች። ሰምቼሃለሁ ልትል፣ ገንዘቡን ማን ፈለገው ልትል ነበር። ሩሎፍ ግን ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ ወዲያው የሷ ስልክ ጮኸ።

«ደረሰሽ?»

ማያ ገጹ ላይ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዩሮ ነበር፤ ከሥሩ «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል፣ ከሳቂታ ፊት ጋር።

«ደረሰኝ፣» አለች።

«ተመስገን። አየሽ፤ ነገር እንዲህ ሲጠራ ጥሩ ነው።» ሩሎፍ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከልቡ ቀሎታል፤ ወደ ሳህኑ ተመልሶ በደንብ በላ፣ ጨመረም። ዮሪት «ግብሩስ?» ብሎ ቀለደ፤ ማንም አልሳቀለትም፤ ትንሽ ቆይተው ግን ስለ ነገው በረዶ አወሩ። ወሬው ቪለሚን አጠገብ ሲደርስ ዞሮ ያልፍ ነበር። ቅር ብሏቸው አይደለም፤ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ አጠገቡ ቆማ ሳለች ሰው እንዴት ያወራል፣ እንዲያ ነው ያወሩት።

ሳህኑን ሰበሰበችና የሞቀ ውሃ ከፈተች። እስከ ትናንት ድረስ ከእራት በኋላ እሷ ስታጥብ ሳስኪያ ፎጣ ይዛ አጠገቧ እየቆመች ታደርቅ ነበር፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ፌና አዲስ ጓደኛ ያወሩ ነበር። ያቺ ግማሽ ሰዓት ለቪለሚን የቀኑ ሁሉ ምርጥ ነበረች። የመጀመሪያውን ሳህን አጥባ ወደ ቀኝ ዘረጋችው፤ የሚቀበል አልነበረም። ዞር ብላ አየች። ሳስኪያ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ መጽሔት ገልጣለች።

«ዛሬስ ልረፍበት፣» አለች፤ በጥሩ ፊት፣ እየሳቀች። «ተከፍሎበት የለ!»

ቪለሚን ሳህኑን ራሷ አደረቀችው። የቀሩትንም አንድ በአንድ አደረቀች፤ ድስቱን ፈተገች፤ ምድጃውን ወለወለች። ጨርሳ እጇን ስትጠርግ ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቷት ካርታ ዘርግቶ የነገውን መንገድ ያያል። አንድ ነገር ቀርቷታል፤ የመጨረሻዋን ልትሞክር፣ ምናልባት ቢያፍር፣ ምናልባት ዞር ብሎ ምን ነካሽ ቢላት።

«ነገ ቁርስ በስንት ሰዓት እንዲደርስ ነው የምትፈልጉት?» አለች፤ ድምፅዋን ቀጥ አድርጋ።

ሩሎፍ ከካርታው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ትንሽ አሰበ።

«አንድ ሰዓት ተኩል። ወይም... አንድ ሰዓት አድርጊው።»